ለአባትሽ ኢቡፕሮፌን ከማስጀመርሽ በፊት፦ ስለ ፓርኪንሰንና ስለ አንጎል ብግነት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ አባትሽ 66 ዓመታቸው ነው፣ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ) ከተባሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ለእሱም ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። «ፓርኪንሰን የአንጎል ብግነት ነው» የሚል ቪዲዮ አይተሽ በየቀኑ ኢቡፕሮፌንና የእርድ እንክብል ላስጀምራቸው ወይ ብለሻል። ብግነቱ እውነት ነው። ኢቡፕሮፌኑን ግን አታስጀምሪያቸው። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት «ብግነት» ሲባል ያበጠ ጉልበት ስለሚታየን ነው፤ አንጎል ውስጥ ያለው ግን አነሳሱም አካሄዱም ሌላ ነው።

አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። በ1919 ለይተው የገለጿቸው ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ናቸው። በደህናው ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አካላቸው ትንሽ፣ ቅርንጫፎቻቸው ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ በነዚያ ቅርንጫፎች ዙሪያቸውን ያለ እረፍት ይዳስሳሉ፣ የሞተ ነገር ሲያገኙ ይውጣሉ። ሲቆጡ ቅርንጫፎቹን ይሰበስባሉ፣ አካላቸው ይደልባል። ጤነኛ የነበረ ሰው መካከለኛ አንጎል ሲቆረጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባለው ጥቁር መስመር በዓይን ይታያል፤ በፓርኪንሰን ታሞ የሞተ ሰው ላይ ግን ገርጥቶ ይገኛል። ጥቁረቱን የሚሰጠው ኒውሮሜላኒን የሚባል ቀለም ነው። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚሠሩት ሕዋሳት ሲሞቱ ቀለሙ ይፈስሳል፤ የደለቡት ማይክሮግሊያዎች ያንን ጥቁር ፍርፋሪ ውጠው ይታያሉ። በ1988 ፓትሪክ ማክጊርና ባልደረቦቻቸው ካናዳ ውስጥ እነዚህን የተቆጡ ሕዋሳት በታማሚዎች አንጎል ላይ በምልክት ቀለም አሳዩ፤ የብግነቱ ምርምር በእውነት የተነሳው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ብግነቱ ነው ሕዋሱን የገደለው፣ ወይስ የሞተው ሕዋስ ነው ብግነቱን ያስነሳው?» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ብርሃን የፈነጠቀው ከአንድ አሳዛኝ አደጋ ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ የተቀላቀለበት ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ልክ እንደ ከባድ የፓርኪንሰን ታማሚ ሰውነታቸው ደርቆ መንቀሳቀስ አቃታቸው። ከእነሱ የሦስቱ አንጎል ከሞቱ በኋላ ተመርምሮ ውጤቱ በ1999 ታተመ። መርዙን ከወሰዱ ከ3 እስከ 16 ዓመት አልፎ ነበር። ማይክሮግሊያዎቹ ግን ያኔም እንደተቆጡ ነበሩ፣ የሕዋሳቱም ሞት አልቆመም። መርዙ ከሰውነት ከወጣ ስንት ዘመኑ! ስለዚህ ብግነቱን የጀመረው ነገር ቢጠፋም ብግነቱ በራሱ ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው።

በተለመደው ፓርኪንሰን የመርዙን ቦታ የሚይዘው በአብዛኛው አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ተጣምሞ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይሻገራል፤ ማይክሮግሊያ ሲነካው እንደ ባክቴሪያ ይቆጥረውና ኢንተርሊውኪን 1 ቤታና ቲኤንኤፍ የሚባሉ የብግነት መልእክተኞችን እና ኦክስጅን ያለባቸው ጎጂ ሞለኪውሎች ይረጫል። እነዚህ ደግሞ የነርቭ ሕዋሱን ይበልጥ ያውኩታል፣ የታወከው ሕዋስ ሌላ ቋጠሮ ይለቃል። አዙሪት ነው። በ2017 የዴቪድ ሱልዘርና የአሌሳንድሮ ሴቴ ቡድን የታማሚዎች ደም ውስጥ ያሉ ቲ ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት) የዚህን ፕሮቲን ቁራጮች እንደ ጠላት እንደሚለዩ አሳየ፤ በ2020 ባወጡት ተከታይ ሥራ ደግሞ ይህ ምላሽ የሚበረታው በሽታው ሊታወቅ ሲል እና እንደታወቀ ሰሞን ሆኖ፣ ዓመታት ሲያልፉ እየደከመ እንደሚሄድ አሳዩ።

አሁን ወደ ኢቡፕሮፌን እንምጣ። ወሬው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከ136 ሺህ በላይ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ለ6 ዓመት የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ 291 ሰዎች ፓርኪንሰን ያዛቸው። ኢቡፕሮፌን አዘውትረው ይወስዱ የነበሩት ላይ የመያዝ ዕድሉ በ38 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ታየ። አስፕሪንም ሆነ ሌሎቹ ተመሳሳይ መድኃኒቶች ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላሳዩም። ልብ በይ፦ ጥናቱ የተከታተለው ያልታመሙ ሰዎችን ነው፤ መድኃኒቱን ሰጥቶ የሞከረም ሳይሆን የሚወስዱትን ከማይወስዱት ጋር ያነጻጸረ ነው። ከታመሙ በኋላ ኢቡፕሮፌን በሽታውን ያዘገያል የሚል ማስረጃ የለም። ኢቡፕሮፌን የሚዘጋው ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ሕመምና እብጠት የሚያመጣ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኢንዛይም ነው፤ ከላይ የነገርኩሽ የኢንተርሊውኪን፣ የቲኤንኤፍና የቋጠሮው አዙሪት በአብዛኛው በሌላ በር ነው የሚያልፈው። ወደ አንጎል የሚገባውም መጠን ጥቂት ነው። ጉዳቱ ግን ሙሉ ነው፦ በ66 ዓመት ሰው ላይ በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊት ሊጎዳ፣ የደም ግፊት ሊያስነሳ ይችላል፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ያንን ሊያዳክም ይችላል።

«ሌላ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒትስ?» ካልሽ፣ ብዙ ተሞክሯል። ማይክሮግሊያን በአይጥ ላይ ያረጋጋው አንቲባዮቲክ ሚኖሳይክሊን በ2006 በቀን 200 ሚሊግራም በሰው ላይ ተፈትኖ ለሕክምና የሚያበቃ ውጤት አላመጣም። የስኳር መድኃኒቱ ፒዮግሊታዞን በ2015 በ210 ታማሚዎች ላይ ለ44 ሳምንት ተሞክሮ ልዩነት አልታየም። ኤክሴናታይድ የሚባለው ሳምንታዊ የስኳር በሽታ መርፌ በ2017 በ62 ሰዎች ላይ ተስፋ ሰጠ፤ በ194 ሰዎች ላይ ለ96 ሳምንት ሲደገም ግን በ2025 የወጣው ውጤት መድኃኒት ከሌለበት ባዶ መርፌ አልተለየም። የእሱ ዘመድ ሊክሲሴናታይድ በ2024 በ156 ሰዎች ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የእንቅስቃሴ ችግር ነጥባቸው (ሲጨምር ብሷል ማለት ነው) እንዳለ እንዲቆይ አድርጓል፤ ባዶውን የወሰዱት በ3 ነጥብ ያህል ብሰዋል። 3 ነጥብ ትንሽ ነው፤ ከወሳጆቹ ደግሞ 46 በመቶው አቅለሽልሿቸዋል። ከኤክሴናታይዱ መውደቅ ጋር አብሮ ሲታይ ዛሬ ለአባትሽ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

በአይጥ የሠራው በሰው ለምን ይወድቃል? ለእኔ የጉዳዩ ዋና ቦታ ይህ ነው፣ ዜና ስታነቢም የሚጠቅምሽ እዚህ ያለው ነው። ብዙ ላቦራቶሪ አይጡን የሚያሳምመው በኤምፒቲፒ ነው፤ በተለመደው አካሄድ በኪሎ 30 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ5 ቀን ይወጋል። ኤምፒቲፒ ግን በራሱ አይገድልም፤ አንጎል ውስጥ ማኦ ቢ የሚባል ኢንዛይም ኤምፒፒ ፕላስ ወደሚባለው መርዝ ሲቀይረው ነው የሚገድለው። የሚሞከረው መድኃኒት ከመርዙ በፊት ከተሰጠና ይህን ኢንዛይም ከነካ አይጡ ይድናል፤ የዳነው ግን ብግነቱ በርዶለት ሳይሆን መርዙ ስላልተሠራ ነው። ጠንቃቃ ቡድን በአንጎሉ ውስጥ የኤምፒፒ ፕላስን መጠን ለክቶ ያሳያል፣ መድኃኒቱንም ከመርዙ በኋላ ይጀምራል። አባትሽ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ዶፓሚን ከሚሠሩት ሕዋሳት ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ ቅድመ መርዝ የተሰጠ መድኃኒት ስለ እሳቸው ብዙም አይነግረንም።

ሌላው ስህተት ከአልፋ ሲኑክሊኑ ራሱ ይመጣል። ፕሮቲኑ ለምርምር የሚመረተው አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። በደንብ ካልጸዳ የባክቴሪያው ቅርፊት፣ ኢንዶቶክሲን፣ አብሮ ይቀራል፤ ኢንዶቶክሲን ደግሞ ማይክሮግሊያን የሚያስቆጣ ነገር ሁሉ አለቃ ነው። ያኔ የታየው ብግነት ከፓርኪንሰኑ ፕሮቲን ነው ወይስ ከቆሻሻው? የኢንዶቶክሲን ልኬት ያልጻፈ፣ በዚያው ባክቴሪያ የተመረተ ሌላ ፕሮቲን ለማነጻጸሪያ ያልተጠቀመ ጥናት ላይ አልደገፍም። ቋጠሮውም አይጥ አንጎል ውስጥ ከመወጋቱ በፊት በድምፅ ሞገድ ወደ 50 ናኖሜትር ገደማ ካልተሰባበረ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በደንብ አይዛመትም፣ አይጡም ሳይታመም ሊቀር ይችላል። ቆጠራውም ያሳስታል፤ የዶፓሚን ሕዋስ የሚቆጠረው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም በማቅለም ነው፣ የታመመ ሕዋስ ግን ሳይሞት ኢንዛይሙን ሊተው ይችላል። አጠገቡ የነርቭ ሕዋስን ሁሉ የሚያሳየው የኒስል ቀለም ካልተጨመረ «ሞተ» የተባለው በሕይወት ያለ ሊሆን ይችላል።

በሕያው ሰው ላይ ደግሞ የአንጎሉን ብግነት እንደ ሙቀት በቀላሉ መለካት አይቻልም። የፔት ምርመራ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ የጨረር ምስል) ቲኤስፒኦ በሚባል ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ ጨረራማ ፈሳሽ ይጠቀማል። ነገር ግን ቲኤስፒኦ ማይክሮግሊያ ላይ ብቻ ሳይሆን አስትሮሳይት በሚባሉት የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳትና የደም ሥር ግድግዳ ላይም አለ። ከዚህም በላይ አንዳንድ ሰው በዘር በወረሰው ልዩነት የተነሳ አዳዲሶቹን ፈሳሾች በደካማው ነው የሚይዘው፤ ዘሩ አስቀድሞ ካልተመረመረ ምስሉ ብግነት ያለበትን የሌለበት ያስመስላል። አንድ መድኃኒት ሲወድቅ «ብግነቱን አልነካም» ይሁን «ነክቶም አልጠቀመም» መለየት የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

እርዱን በተመለከተ፦ በአልጫ ወጥ ላይ የሚገባው ምንም አይጎዳቸውም። በእንክብሉ ያለው ኩርኩሚን ግን አብዛኛው ከአንጀት ሳያልፍ ወይም ጉበት ላይ ተለውጦ ይቀራል፤ መምጠጡን ለማብዛት ከቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር የተሠሩት እንክብሎች ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበት ጎድተዋል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም።

እጅሽ ላይ ያለው ትልቁ ነገር ከአንጎል ውጭ ያለውን ብግነት መያዝ ነው። አንዴ የተቆጣ ማይክሮግሊያ ለሚቀጥለው ጥሪ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል፤ ከሰውነት የሚመጣ የኢንፌክሽን ምልክት ከጤነኛው ይልቅ አብዝቶ ያስነሳዋል፣ ይህ በእንስሳት ላይ በደንብ ታይቷል። አባትሽ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሰውነታቸው በድንገት ከተገተረ፣ ከቃዡ ወይም መነሳት ካቃታቸው «ፓርኪንሰኑ ባሰበት» አትበሉ፤ ፓርኪንሰን እንዲህ አይሮጥም። ሽንታቸውን አስመርምሩ፣ ሳንባቸው ይታይ፣ ስንት ቀን ሳይጸዳዱ እንደቆዩ ጠይቂ። ካቅለሸለሻቸው ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት) እንዳይሰጣቸው፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚንን ይዘጋል። ከቃዡ ደግሞ ሃሎፔሪዶል የሚባለው ማረጋጊያ እንዲሁ ነው፤ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ተናገሪ። ሌቮዶፓውም በድንገት አይቋረጥ፤ ኃይለኛ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር አምጥቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት ይቆጠር። በ2018 በወጣ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒት ገና ያልጀመሩ 128 ታማሚዎች ውስጥ ከከፍተኛው የልብ ምታቸው ከ80 እስከ 85 በመቶ እየደረሱ በትሬድሚል የሠሩት በ6 ወር ውስጥ ነጥባቸው የጨመረው 0.3 ብቻ ነው፤ እንደወትሮው የኖሩት በ3.2 ጨመሩ። ለ66 ዓመት ሰው ይህ በደቂቃ ከ123 እስከ 131 ምት ገደማ ነው። 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፤ ትሬድሚል ከሌለ ዳገት በፍጥነት መውጣት፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር መናገር እስኪያስቸግር ድረስ። ከመጀመራቸው በፊት ልባቸው ይታይ፤ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ደግሞ ብቻቸውን አይውጡ።

ሌቮዶፓው በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰድ፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ሽሮ የበዛበት ማዕድ መምጠጡን ይሻማዋል። የብረት እንክብል ካላቸው ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራቅ። መገጣጠሚያ ካመማቸው ፓራሲታሞል ይቅደም።

የሌቮዶፓው እንክብል ላይ የተጻፈው መጠን 25/100 ነው ወይስ 25/250? በስንት ሰዓት ልዩነት ይወስዳሉ? ተኝተውና ቆመው የተለካ የደም ግፊትስ አላቸው? እነዚህን ጻፊልኝና ጠዋት ጠዋት ስለሚይዛቸው የሰውነት መገተር ያነሳሽውን ሁለተኛ ጥያቄ በዚያ እመልሳለሁ።