ጥያቄና መልስ፦ የወንድሜ ቲቢ ከሹፌሩ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን አሉ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ታናሽ ወንድሜ የታክሲ ረዳት ነው፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተገኘበት፣ ሹፌሩም አምና በዚሁ ታሞ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «ከሱ ነው የያዘው» እያለ ነው። በዲኤንኤ ምርመራ ይለያል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይለያል፣ ግን ሰፈሩ በሚያስበው መንገድ አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ወደ 4.4 ሚሊዮን ፊደል አለው፣ የሚለወጠውም ቀስ ብሎ ነው፣ በ2 ዓመት አንድ ፊደል ገደማ ቢቀየር ነው። ስለዚህ የሁለቱ ባክቴሪያ ሙሉ ዲኤንኤ ተነቦ ልዩነቱ 5 ፊደል ወይ ከዛ በታች ከሆነ በቅርቡ የተላለፈ ነው ብለን እንጠረጥራለን፣ ከ12 ካለፈ ግን ሹፌሩን ተዉት፣ ምንጩ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ቢመሳሰልም ደሞ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይነግርሽም፣ ሁለቱንም አንድ ተሳፋሪ አስይዟቸው ሊሆን ይችላል (መስኮት ዝጉ የሚል መቼም አይጠፋ!)።

ጤና ጣቢያ ያለው ጂንኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ ማሽን ከዚህ ይለያል፣ እሱ በ2 ሰዓት ውስጥ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመዱን ነው የሚናገረው፣ ዝምድና አይቆጥርም።

እኔ ይሄን ምርመራ የምወደው ሌላም ነገር ስለሚያሳይ ነው፣ የብዙ በሽተኛ ባክቴሪያ ሲመሳሰል የተላመደው ቲቢ ራሱ ከሰው ሰው እየዞረ ነው ማለት ነው፣ «መድኃኒት አቋርጦ ነው» እያሉ ወንድምሽን መውቀስ ይቅር። አሁን ግን እቤት ያላችሁት ሁሉ፣ በተለይ ህፃናቱ፣ ቶሎ ተመርመሩ፣ የዲኤንኤውን ውጤት አትጠብቁ።