ስምንት ሳምንት በሰው አገር፦ ስለ ውጭ አገር የተግባር ልምምድ ለጠየቃችሁን

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። በማህበራዊ ሥራ ፈጠራና በማህበረሰብ ልማት ዘርፍ ከአገር ውጭ ኢንተርንሺፕ መሥራት የሚፈልጉ ተማሪዎችና አንዲት እናት ጽፈውልናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ፕሮግራም ክፍያ ይጠይቃል። ገንዘብ ከጠየቀ ማጭበርበር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር አያሰኘውም። አስተናጋጅ ድርጅት መፈለግ፣ ማረፊያ ማዘጋጀት፣ አዲስ ሰው ማለማመድ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ማጣራት የሚያስፈልገው ገንዘቡ የት የት እንደሚሄድ ነው። ለማረፊያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለአስተዳደርና ለአስተናጋጁ ድርጅት ስንት ስንት እንደሚደርስ በጽሑፍ ይጠይቁ። አስተናጋጁ ምንም የማይደርሰው ከሆነ፣ የሚያሠራዎት ባለሙያ ከራሱ የሥራ ሰዓት እየቆረሰ ነው የሚያስተምርዎት። በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ አይመቸኝም» ማለት ቢጀምር አይፈረድበትም።

እኛ ግን ከገንዘቡ ይበልጥ የምናምነው ሌላ መፈተኛ አለ። ከመክፈልዎ በፊት፣ በቀጥታ ከሚያሠራዎት ሰው ጋር ለ20 ደቂቃ በስልክ ለመነጋገር ይጠይቁ። «ማን እንደሚያሠራዎት እዚያ ሲደርሱ ይነገርዎታል» ካሉዎት ሥራው ገና አልተዘጋጀም። ሰውየውን ካገኙት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ከእኔ በፊት የነበረው ተማሪ ሠርቶ የሄደው ምንድን ነው፣ ዛሬስ ማን ይጠቀምበታል? «የደንበኞች መመዝገቢያ ሠርታልን ነበር፣ የሽያጭ ክፍሉ እስካሁን በእሱ ነው የሚሠራው» ከተባሉ ደህና ነው። «በጣም ተግባቢ ልጅ ነበር» የሚለው መልስ ስለ ሥራው ምንም አይነግርም።

ሲቪ ሳያይ፣ የቋንቋ ችሎታዎን ሳይጠይቅ በማግስቱ «ተቀብለንዎታል» የሚል፣ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገቡ የሚል፣ «ዛሬ ማታ ካልከፈሉ ቦታው ያልቃል» እያለ የሚያጣድፍ ሲገጥምዎት ይተዉት። ቪዛ ቢከለከሉ ስንቱ ተመላሽ እንደሚሆን በውሉ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ ምንም እንደማይመለስልዎት ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ማህበራዊ ኢንተርፕራይዝና በጎ አድራጎት ድርጅት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለተለማማጅስ ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ልዩነቱ በገቢው ምንጭ ላይ ነው። በጎ አድራጎቱ በዋናነት በለጋሽ ገንዘብ ይሠራል። ማህበራዊ ኢንተርፕራይዙ ወጪውን ከሚሸጠው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸፈን ይጥራል። ሕንድ፣ ማዱራይ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋ የተጀመረው የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ደጋግሞ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው፤ ከፍለው የሚታከሙት ገቢ በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚታከሙትን ይሸከማል። ዓይን ውስጥ የሚተከለው ሌንስ ከውጭ ሲገዛ ለድሃ ታካሚ የማይቀመስ ስለነበረ፣ በ1992 አውሮላብ የሚባል ማምረቻ ተቋቁሞ ሌንሱ እዚያው ይሠራ ጀመር። በ1972 ባንግላዴሽ ውስጥ በዕርዳታ ሥራ የተነሳው ብራክ የተባለው ድርጅት ደግሞ የለጋሽ ገንዘብንም ሽያጭንም አጣምሮ ይዟል።

እርስዎ ልዩነቱን የሚያዩት በየዕለቱ በሚሰጥዎት ሥራ ነው። በበጎ አድራጎቱ ቤት ለለጋሽ የሚላክ ሪፖርትና የፕሮጀክት ሐሳብ ያዘጋጃሉ። በኢንተርፕራይዙ ውስጥ ግን ቀኑን የሚውሉት ከዋጋ፣ ከዕቃ ክምችት፣ ከዱቤና ከደንበኛ ቅሬታ ጋር ነው። ሒሳብ የሚሸሽ ሰው «ማህበራዊ» በሚለው ቃል ብቻ ተስቦ ከገባ ይቸገራል።

ጥያቄ፦ «ደሞዝ ስለማይከፈልህ በቱሪስት ቪዛ መግባት ትችላለህ» ብለውኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በብዙ አገሮች እውነት አይደለም። ያለ ደሞዝ የሚደረግ ልምምድም በሕግ ፊት እንደ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ድንበር ላይ «ለምን መጡ?» ሲባሉ መልስዎ ከቪዛው ዓይነት ጋር ካልገጠመ ከአየር ማረፊያው ሊመልሱዎት ይችላሉ። የሚመለሱት ደግሞ እርስዎ እንጂ መካሪዎ አይደለም።

አሜሪካ ለምሳሌ ለውጭ አገር ተለማማጆች ጄ-1 የሚባል የቪዛ ዓይነት አላት። በቅድሚያ ፈቃድ ያለው ስፖንሰር፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ ይሰጣል። ምን እንደሚሠሩና ማን እንደሚቆጣጠርዎት የሚዘረዝረው ዲኤስ-7002 ደግሞ በእርስዎ፣ በአስተናጋጁና በስፖንሰሩ ይፈረማል። በተለማማጅነት የሚቆዩት ቢበዛ 12 ወር ነው። በሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ በአጭር ጊዜ ቪዛ መቆየት የሚቻለው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን፣ ፓስፖርቱም ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን በታች እስኪቀር ግን አይጠብቁ። በዚያ ቪዛ ልምምድ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ስለሚወስን፣ ለቆንስላው ጽፈው የሚሰጥዎትን መልስ አትመው ይያዙ።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። የሚሄዱበት አገር የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ ማስረጃው የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ክትባቱን በመሳፈሪያው ሳምንት መውሰድ አይረዳም።

ጥያቄ፦ ያለኝ ጊዜ 8 ሳምንት ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ ለሰው የሚጠቅም ምን መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ትንሽ፣ የሚያልቅና እርስዎ ሲሄዱ የሚረከበው ሰው ያለው ሥራ። 8 ሳምንት 40 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በመተዋወቅ፣ የመጨረሻው በርክክብ ያልቃል። በመካከል ይታመማሉ፣ መኪና ይጠፋል፣ በዓል ይሆናል። በእጅዎ የሚቀረው ሲቆጠር 25 ቀን ያህል ነው። በ25 ቀን የአንድ መንደር ኑሮ አይለወጥም፤ አንድ ጥያቄ ግን በሚገባ ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ የቤት ለቤት መጠይቅ ነው። አንድ ቃለ መጠይቅ 40 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። ከአስተርጓሚ ጋር ሆነው፣ የእግር መንገዱና መጠባበቁ ሲጨመር በቀን 6 ወይም 7 ቤት ቢያዳርሱ ጥሩ ሠርተዋል። ስለዚህ 60 ቤት ማለት ወደ 10 ቀን ነው። «300 ቤት እንጠይቃለን» የሚል ዕቅድ ሲያዩ ጊዜው እንዳልተሰላ ይወቁ።

መጠይቁ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በጥያቄው አነጋገር ነው። «የምትጠጡት ውሃ ንጹህ ነው?» ብለው ከጠየቁ ሁሉም «አዎ» ይላል፤ እንግዳ ፊት ቤቱን የሚያዋርድ የለም። «ዛሬ ጠዋት የቀዱት ውሃ ከየት ነው? አሁን የት አለ? ማየት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁና ዕቃው ክዳን እንዳለው፣ መጥለቂያው የት እንደተቀመጠ በዓይንዎ አይተው ይመዝግቡ። «ባለፈው ወር» ከማለት «ባለፉት 7 ቀናት» ይበሉ፤ ወር ሲባል ሰው ይገምታል እንጂ አያስታውስም። ከሁሉ የከፋው «ይህ አገልግሎት ቢመጣ ትከፍላላችሁ?» የሚለው ነው። ይሉኝታ ሁሉንም «እንከፍላለን» ያሰኛል። በእውነት ማወቅ ከፈለጉ፣ ድርጅቱ ዕቃውን በእርግጥ የሚያቀርብ ከሆነ፣ ጥቂት ቀብድ ይቀበልና ስንት ሰው እንደሚያስይዝ ይቁጠር።

መጠይቁን አንድ ሰው ወደ አካባቢው ቋንቋ ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ይተርጉመው። የተለያዩት ቦታዎች ላይ ችግር አለ። ከዚያ በ5 ቤት ሞክረው ያርሙት። ይህን ለመዝለል የሚቸኩል ተማሪ ብዙ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ነው የሚሆነው፣ ከ30 ቤት በኋላ ጥያቄ 4 ትርጉም እንደሌለው ይገለጥለታል።

መጠይቅ ካልሆነ ሒሳብ ይሆናል። ለምሳሌ ድርጅቱ የፀሐይ ኃይል መብራት ይሸጣል እንበል። አንዱን በ100 ሸጦ፣ ለአምራቹ 70፣ ለሻጭ ወኪሉ 12፣ ለማጓጓዣ 6 ቢከፍል 12 ይተርፈዋል። የቢሮ ኪራይና ደሞዝ በወር 6,000 ከሆነ፣ ላለመክሰር 500 መብራት መሸጥ አለበት። አሁን ሁሉንም በዱቤ ይሸጣል፣ ከ100 ገዢ 5ቱ ሳይከፍሉ ይቀራሉ እንበል። ከአንድ መብራት በአማካይ የሚገባው 95፣ ትርፉም 7 ብቻ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሽያጭ ከ500 ወደ 858 ዘለለ። «5 በመቶ» ሲባል ቀላል የሚመስለው ነገር ድርጅቱን ሊዘጋ እንደሚችል በአንድ ገጽ የኤክሴል ሠንጠረዥ ማሳየት ለ8 ሳምንት ተማሪ በቂ ሥራ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ዋጋውን፣ ኮሚሽኑንና ያልተከፈለውን ዱቤ በተለያየ ሣጥን ያስቀምጡ፤ ቁጥሩን በቀመሩ ውስጥ ከቀበሩት ከእርስዎ በኋላ ማንም አያስተካክለውም።

አዲስ ፈጠራ ይዞ መሄድ ለሚያምረው ሁሉ የፕለይፓምፕን ታሪክ እንጠቅሳለን። ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱበት ውሃ ይስባል የተባለ ፓምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአፍሪካ 4,000 ያህሉን ለመትከል በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቃል ተገባለት። ችግሩ ልጆች በማይጫወቱበት ሰዓት ታየ፤ ውሃ የፈለገችው ሴት ከባዱን ሽክርክሪት በእጇ መግፋት ነበረባት። ሲበላሽም የሚጠግነው ከሩቅ መምጣት ነበረበት። በ2010 ፓምፑን ያስፋፋ የነበረው የአሜሪካ ድርጅት ሥራውን ለሌላ አስረክቦ ወጣ። ከመትከሉ በፊት አንዲት ሴት ንጋት ላይ እንዴት ውሃ እንደምትቀዳ ቆሞ ማየት ብዙ ያስተምር ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ ለ1 ወር በሕፃናት ማሳደጊያ እንድታገለግል ፕሮግራም ቀርቦላታል። ልፍቀድላት?

መልስ፦ እኛ አይሆንም እንላለን። በማሳደጊያ የሚኖሩ አብዛኞቹ ሕፃናት ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው፤ ከፍሎ የሚመጣ ጎብኚ ሲበዛ ልጆችን ከቤታቸው አውጥቶ ማሳደጊያውን መሙላት ገበያ ይሆናል። በየወሩ የሚቀያየር ሰው ላይ መለማመድና መለየት ሕፃናቱንም ይጎዳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ ይህን ጉዳት ጠቅሶ አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ጠይቋል። ከልጆች ጋር መሥራት ከፈለገች፣ ቋሚ መምህራንን የሚያሠለጥን ወይም ቤተሰብ ልጁን እቤት እንዲያሳድግ የሚደግፍ ድርጅት ትፈልግ። የወንጀል ነጻ ማስረጃ ሳይጠይቃት ከሕፃናት ጋር የሚያገናኛትን ግን በዚያው ትለፈው።

ጥያቄ፦ ከደረስኩ 10 ቀን ሆነኝ፤ የሚሰጠኝ ሥራ የለም። ስልኬን እያየሁ እውላለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ምን ልሥራ?» ብለው አይጠይቁ፤ ያ ጥያቄ በሥራ ለተጠመደ አለቃ ሌላ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ከሽያጭ ሠራተኛው ወይም ከመስክ ሠራተኛዋ ጋር ይዋሉ፤ በወረቀት ሁለት ጊዜ የሚጻፍ፣ የሚጠፋ፣ የሚዘገይ ነገር ያገኛሉ። ከዚያ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ሐሳብ ጽፈው ይስጡ፦ ችግሩ ይህ ነው፣ እስከዚህ ቀን ይህን እሠራለሁ፣ ከእርስዎ የሚያስፈልገኝ በሳምንት 30 ደቂቃ ነው። ወረቀት ላይ ያለን ሐሳብ «እሺ» ወይም «አይ ይሄን አስተካክል» ማለት ለአለቃው ቀላል ነው። በ3 የሥራ ቀን መልስ ካጡ ለላከዎት ፕሮግራምና ለዩኒቨርሲቲው አማካሪዎ በኢሜይል ያሳውቁ። በስልክ ብቻ የተነገረ ቅሬታ በኋላ ገንዘብ ለማስመለስ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ልምምዱ ለኮርስ ክሬዲት ይያዝልኛል?

መልስ፦ ከመሄድዎ በፊት ከተፈራረሙ ይያዝልዎታል፤ ከተመለሱ በኋላ ከጠየቁ ብዙ ጊዜ አይያዝም። የትምህርት ክፍሉ፣ አስተናጋጁና እርስዎ የምትፈርሙበት ሰነድ ጠቅላላ ሰዓቱን፣ የሚሠራውን ሥራና የሚገመግምዎትን ሰው ስም ይያዝ። አለቃዎ በመሃል ቢለቅ የሚተካው ማን እንደሆነም ይጻፍበት።

ጥያቄ፦ ሥራዬ እኔ ስመለስ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ርክክቡን በ8ኛው ሳምንት ዓርብ ላይ አያድርጉት። በ7ኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ የሚረከብዎትን ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ያስቀምጡትና ሥራውን እሱ ይሥራው፤ እርስዎ እጅዎን ከመዳፊቱ ላይ አንስተው ይመልከቱ። የሚቆምበት ቦታ ሁሉ መመሪያዎ የጎደለበት ነው፤ በቀሪው ጊዜ እሱን ይሙሉ። መመሪያው ከ2 ገጽ አይብለጥ። ፋይሎቹ በእርስዎ የግል ኢሜይል የተከፈቱ ከሆኑ ባለቤትነቱን ወደ ድርጅቱ ያዛውሩ፤ ስንት ጥሩ ሥራ የተማሪው የይለፍ ቃል ሲጠፋ አብሮ ጠፍቷል። የተጠያቂዎች ስምና ስልክ ያለበትን ዝርዝር ከራስዎ ላፕቶፕ ላይ ያጥፉ።

ያነጋገሯቸው ሰዎችም አሉ። የመልሳቸውን ውጤት በቋንቋቸው በአንድ ገጽ አሳትመው፣ ከመሄድዎ በፊት ሰብሰብ ባሉበት ያንብቡላቸው። «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» የሚል ሰው ከመካከላቸው መነሳቱ ስለማይቀር፣ እርማቱን ለመጻፍ ቢያንስ 2 ቀን ይተርፍዎት።