የልጄ የዓይን ቆብ አብጦ ይሞቃል፤ ምን ላድርግለት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዞት ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲነሳ የቀኝ ዓይኑ የላይኛው ቆብ ቀልቶ፣ አብጦ አገኘሁት። ስነካው ይሞቃል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልታሽለት ትፈልጋለች። ጎረቤቴ ደግሞ ከልጇ የተረፈ የዓይን ቅባት ሰጠችኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ እንደደረሰኝ በስልክ «ሁለቱንም ተይና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው» ብዬሻለሁ። እዚህ የምጽፈው ለምን እንደቸኮልኩ እንድታውቂው፣ ሌሎች እናቶችም እንዲያነቡት ነው።

የዓይን ቆብ ቆዳ በጣም ስስ ስለሆነ በትንሽ ነገር ያብጣል። ብዙውን ጊዜ ብጉንጅ ነው። ሽፋሽፍቱ ሥር ያለች ዕጢ ትደፈንና ባክቴሪያ ይገባባታል። እብጠቷ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ስትነካ ታማለች፣ አንዳንዴ መግል ትቋጥራለች። በለብ ያለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ይያዝባት፤ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም 2 ሳምንት ትጠፋለች። እባካችሁ አትጭመቋት! አለርጂ ወይም የነፍሳት ንክሻ ከሆነ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ማሳከኩ ይብሳል።

የአንቺ ልጅ ግን ቆቡ በሙሉ ነው ያበጠው፣ ይሞቃል፣ ያውም ከጉንፋን በኋላ። ይሄ ነው ያሳሰበኝ። ከአፍንጫ ጎን ያሉት የሳይነስ ክፍተቶች ከዓይን የሚለዩት እንደ ወረቀት በሳሳ አጥንት ስለሆነ፣ እዚያ የተነሳ ኢንፌክሽን በቀላሉ ወደ ዓይን አካባቢ ይሻገራል። ቆቡ ላይ ብቻ ከቀረ ብዙ ጊዜ በሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይድናል። ከዓይኑ ኋላ ከገባ ግን ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ መታከም አለበት፤ ከዘገየ ብርሃኑን ሊያሳጣው፣ ወደ አንጎልም ሊዘልቅ ይችላል።

ችግሩ፣ ቆቡ ሲያብጥ ዓይኑ ይሸፈንና እናት ውስጡን ሳታየው መቅረቷ ነው። እጅሽን ታጥበሽ ቀስ ብለሽ ቆቡን ከፍ አድርጊና ጣትሽን በዓይኑ እንዲከተል ንገሪው። ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ ካመመው፣ እንደ ልቡ ካልተንቀሳቀሰለት፣ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ብዥ ካለበት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ ወይም ትኩሳት ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ዓይኑ ጭራሽ አልከፈት ካለም አታስገድጂው፣ እንዲሁ ይዘሽው ሂጂ።

እናትሽን አትቆጫቸው፤ እኔም ያደግኩት በዳማከሴ ነው። ግን የተጨመቀ ቅጠል ዓይን ውስጥ ከገባ ያቆስላል። የጎረቤትሽን ቅባትም መልሺላት። አንዳንዱ ስቴሮይድ የሚባል እብጠትና መቅላት የሚያስታግስ መድኃኒት ስላለበት መቅላቱን እያጠፋ ኢንፌክሽኑን ውስጥ ለውስጥ ያባብሰዋል።

መድኃኒት ከታዘዘለት እብጠቱ ቢጎድልም እስኪያልቅ ስጪው። በጀመረ በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ካልቀነሰለት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ መልሰሽ ውሰጂው።