ካልቸሩ «ምንም አልበቀለም» ለተባለባት የአጋሮዋ እህቴ

እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ለደም ካንሰር ኬሞ እየወሰደ ነው፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል፣ የደም ካልቸሩ ደግሞ «ምንም አልበቀለም» ተባለ። ውጭ ያለው ወንድምሽ «ጀርሙን በዘረመል የሚለይ ምርመራ አለ» ስላለሽ የቡናውን ብር ለዚያ ላውጣው ወይ ብለሻል። እኔ ጅማ ውስጥ ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ስሠራ ነው የኖርኩት። የማውቀውን ልንገርሽ።

ወንድምሽ እውነቱን ነው። ምርመራው ሲኩዌንሲንግ ይባላል። እኛ ካልቸር ስንሠራ ጀርሙ ጠርሙስ ውስጥ እስኪራባ እንጠብቃለን፣ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ቀን። ይሄኛው መራባቱን አይጠብቅም። ናሙናው ውስጥ ያለውን ዘረመል ሁሉ ያነብና የየትኛው ባክቴሪያ፣ ቫይረስ ወይም ፈንገስ እንደሆነ ያመሳክራል። አንቲባዮቲክ ተጀምሮም ቢሆን የሞተውን ጀርም ርዝራዥ ሊያገኝ ይችላል። በፈረንጆቹ 2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። በተፈጥሮው የመከላከል አቅም ያልነበረው የ14 ዓመት ልጅ አንጎሉ ታሞ ምክንያቱ ጠፍቶ ነበር። በዚህ ምርመራ ሌፕቶስፒራ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘበት፣ በፔኒሲሊንም ዳነ። በፔኒሲሊን!

ግን ከደሙ የሚነበበው አብዛኛው የራሱ የልጁ ዘረመል ነው። የጀርሙን ማግኘት በጅማ ሐሙስ ገበያ መሐል አንድ ሰው እንደመፈለግ ነው። ከቆዳ ወይም ከአንጀት የመጣ፣ ልጁን ያላሳመመ ጀርምም ስሙ አብሮ ሊወጣ ይችላል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ደግሞ ጀርም የበቀለበት ካልቸር የተሻለ ይነግረናል። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ናሙና ወደ 2000 ዶላር የሚያስከፍል አለ። አዲስ አበባ እንደ አርማወር ሐንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት መሣሪያው አላቸው፤ በብዛት የሚሠሩበት ግን ለምርምርና ለወረርሽኝ ክትትል ነው።

ስለዚህ የቡናውን ብር አሁን አትንኪው። ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ ከሚያተኩሳቸው ልጆች የአብዛኞቹ ካልቸር ባዶ ነው የሚመጣው። ሕክምናው ለዚህ ብሎ አይቆምም።

መጀመሪያ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂው። ደሙ የተቀዳው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነበር? ምን ያህልስ ተቀዳ? ይሄን የምልሽ በዓይኔ ስላየሁት ነው። የሕፃናት ጠርሙስ ይመጣል፣ ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ደሙ ታች ጠብ ብሎ የፈሳሹን ቀለም እንኳ አልቀየረም። ጀርሙ ልጁ ደም ውስጥ እያለ እዚያች ጠብታ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ደም ሥር ጠፍቶ ይሆናል። እናት «በቃ፣ ደም አለቀበት» ብላ አልቅሳም ይሆናል። አንጀቷ ነው፣ ይገባኛል። ግን በኪሎው ልክ ከቀዱለት አትከልክያቸው፣ እባክሽ።

ወባ በደንብ ታይቷል? በእኛ አካባቢ ይሄ አይታለፍም። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለም ተናገሪ። ለቲቢ ጂን ኤክስፐርት አለ፤ እሱም የጀርሙን ዘረመል የሚያይ ምርመራ ነው፣ ማሽኑ ውጤት የሚሰጠው ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። በአንቲባዮቲክ ላይ ሆኖ ትኩሳቱ 4 ቀን ካለፈ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት ታስቦ እንደሆነ ጠይቂ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ፣ ሲቲ ስካን ላይ ሳንባው ውስጥ ነገር ታይቶ፣ አሁንም ምክንያቱ ካልታወቀ ያኔ የወንድምሽን ሐሳብ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋገሩበት። ናሙናው በእነሱ በኩል ይሂድ እንጂ ደላላ ነኝ ለሚል ሰው እንዳትሰጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ቤት ስትመለሱ ቴርሞሜትር ይኑርሽ። 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥተሽ ነገን አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጊና ጅማ ግቡ። ስትደርሱ «ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነው» በያቸው፤ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ነገ ሐኪሞቹ ራውንድ ሲዞሩ ያሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ። የካልቸር ወረቀቱን ፎቶ ካነሳሽው የልጁን ስም ሸፍኚው።