ኡቡንቱ 23.10 ላይ ተይዞ ለቀረው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱ 23.10 የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኖ ሄዷል። አሁን የማሻሻያ ዝርዝር የሚያመጣውን «ሱዶ ኤፒቲ አፕዴት» ስትለው 404፣ ማለትም «አልተገኘም»፣ ይመልስልሃል። ዌብሳይቱና ዳታቤዙ ግን ይሠራሉ። አለቃህም «የሚሠራ ነገር አትንካ» ብሎሃል። የአንተ ጥያቄ «ልንካው ወይስ ልተወው? ከነካሁትስ በየትኛው ኮማንድ?» የሚል ነው።

ንካው። እኔም ልክ እንደዚህ ያለ ሰርቨር ነው የተረከብኩት። የእኔ 21.10 ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ስነግርህ፣ ኮማንዱ ቀላሉ ክፍል ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሰርቨሩን ያከራየን ድርጅት ነው። ስለዚህ ምክሬ የሚያተኩረው አፕግሬዱን፣ ማለትም ወደ አዲሱ ኡቡንቱ ማሻገሩን፣ ከመጀመርህ በፊት ከእነሱ ጋር በምትጨርሰው ነገር ላይ ነው።

1. 404ቱን በተመለከተ። ኔትወርክህ ደህና ነው። «ዲኤንኤስ ቀይር»፣ «ካሽ አጽዳ» ያሉህ ሰዎች በቅንነት ነው ያሉህ፤ ግን አይጠቅምህም። የኡቡንቱ ቁጥር የወጣበት ዓመትና ወር ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። 23.10 ማለት ኦክቶበር 2023 ነው። በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚወጡት፣ ማለትም 20.04፣ 22.04፣ 24.04፣ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያላቸው) ይባላሉ። መደበኛ ድጋፋቸው አምስት ዓመት ነው። በመሀል የሚወጡት ግን የዘጠኝ ወር ዕድሜ ብቻ ነው ያላቸው። 23.10 ጁላይ 2024 ላይ አበቃለት። ከዚያ በኋላ ፓኬጆቹ (የፕሮግራም ጥቅሎቹ) ከዋናው ማከማቻ (ሪፖዚተሪ) ተነስተው «ኦልድ-ሪሊስስ» ወደሚባለው ማከማቻ ተዛወሩ። ሰርቨርህ አሁንም የድሮውን አድራሻ እየሄደ ያንኳኳል፤ ባለቤቶቹ ግን ቤት ቀይረዋል።

«አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ ሰርቨር ላይ የመሀሉን ሪሊስ (እትም) መጫን በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ለላፕቶፕ ምንም አይደለም። ሰርቨር ላይ ግን ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ዕዳ ውስጥ መክተት ነው።

ለአለቃህ ደግሞ ይህን ንገረው። ጁላይ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከርቀት ወደ ሰርቨር በሚያስገባው ኦፕንኤስኤስኤች ውስጥ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ፓስዎርድ የሌለው ሰው ከርቀት እንደ ሩት (ሁሉን አዛዥ አካውንት) ሊገባ የሚችልበት ዓይነት ነው። 23.10 ማስተካከያውን ያገኘው ድጋፉ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ አፕዴት የሚያደርግ ሰው ካልነበረ ያ በር እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ያኔ ቢዘጋ እንኳ፣ ከዚያ ወዲህ ለወጣ ቀዳዳ ሁሉ ምንም አልመጣለትም። «ይሠራል» ማለት «ደህና ነው» ማለት እንዳልሆነ እንዲህ በቀን ስታስረዳው ይገባዋል። የእኔም አለቃ የተረዳኝ ቀን ቆጥሬ ሳሳየው ነው።

2. ኮንሶል ሳይኖርህ እንዳትጀምር። ኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) ቢዘጋብህ፣ ሰርቨሩ ሪቡት ብሎ ባይነሳ፣ ስክሪኑን በብሮውዘር የምታይበት መንገድ ሊኖርህ ይገባል። ዛሬውኑ ገብተህ ሞክረው። «አለ» ሲሉህ አትመን፤ ሎግ ኢን አድርገህ የሩት ፓስዎርዱ እንደሚሠራ በዓይንህ እይ።

እኔ ጠይቄ ነበር። ያከራየን ድርጅት የሰፖርት ክፍል «ኮንሶል የሚሰጠው በጥያቄ ነው፣ ችግር ሲገጥማችሁ ቲኬት (የእርዳታ ጥያቄ) ክፈቱ» አለኝ። ችግሩ ከመድረሱ በፊት ነው የምፈልገው ብዬ ጻፍኩላቸው። ቲኬቱን ዘጉት። ደግሜ ከፈትኩ። በዚህኛው ላይ አፕግሬድ የማደርግበትን ሌሊትና ሰዓት ጻፍኩ፤ በዚያ ሰዓት ዌብሳይቱ እንደሚቆም፣ ማሽኑን ማንም እንዳይነካው አሳወቅኩ። «ደርሶናል» የሚል መልስ ሰጡኝ።

ሌሊቱ ደረሰ። አፕግሬዱ በደንብ እየሄደ ነበር። ፓኬጆቹ ወርደው እየተፈቱ፣ እየተተኩ ናቸው። በዚህ መሀል ዌብሳይቱን የሚያቀርበው አፓቼ ይቆማል፤ የሚጠበቅ ነው። የእነሱ መቆጣጠሪያ ግን ዌብሳይቱ መቆሙን አይቶ ጮኸ። ተረኛው ቴክኒሻን ቲኬቱን ሳያነብ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። ፓኬጆቹን የሚጭነው ዲፒኬጂ ሥራው መሀል ላይ እያለ!

ሰርቨሩ አልተነሳም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ተተክቷል፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው መነሻ ፋይሉ ግን ገና አልተሠራም ነበር። ስደውል «የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጉዳይ አይመለከተንም» አሉኝ። ያጠፋው የእናንተ ሰው ነው ስላቸው «እኛ የምናየው ማሽኑ ኃይል እንዳለው ነው» አሉ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ ለነገርከው ሰው እንዲህ አይመለስም።

ስለዚህ ከእኔ የምትወስደው ይህን ነው። በጽሑፍ ማሳወቅ ብቻውን አይበቃም። ሥራውን በምትጀምርበት ሰዓት ስልክ ደውለህ ተረኛውን ሰው አግኘው። መቆጣጠሪያው በራሱ ሪቡት የሚያደርግ ከሆነ ለዚያ ሌሊት አስጠፋው። ስሙን ጠይቀህ ጻፍ።

3. ባክአፕ። እዚህም ከእነሱ ጋር ነበር ጣጣዬ። «በየቀኑ ስናፕሾት (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) እናነሳለን» ይሉ ነበር። ስናፕሾቱን መልሱልኝ ስላቸው፣ የሚያነሱት የመጀመሪያውን ዲስክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ያለው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው። የመለሱልኝ ስናፕሾት ቢሆንማ ኖሮ ፕሮግራሙ ከአንድ ቀን፣ ዳታው ከሌላ ቀን ይሆን ነበር። እኔ ግን ከአፕግሬዱ በፊት የራሴን የዳታቤዝ ቅጂ (ደምፕ) በ«ማይኤስኪውኤልደምፕ» አውጥቼ፣ ሌላ ማሽን ላይ ጭኜ፣ ሠንጠረዦቹን ቆጥሬ አረጋግጬ ነበር። በዚህ እኮራለሁ።

አንተም «ኤልኤስቢኤልኬ» ብለህ ስንት ዲስክ እንዳለህ እይ። «ዲኤፍ -ኤች» ብለህ የትኛው ፎልደር የትኛው ዲስክ ላይ እንደሆነ እይ። ደምፑን ስታወጣ «--ሲንግል-ትራንዛክሽን» ጨምርበት፤ ሰንጠረዦችህ ኢኖዲቢ በሚባለው የማይኤስኪውኤል ዓይነት ከሆኑ ሥራ ሳያቆም አንድ ወጥ ቅጂ ይሰጥሃል። ከዚያ ሌላ ቦታ መልሰው። ሳትመልስ ባክአፕ አለኝ አትበል።

ማሽኑን እንዴት እንዳስነሳሁት የሚያስፈልገው ሰው ካለ ይኸውና። ብዙ ተሟግቼ ሬስኪዩ ሞድ (ማሽኑን ከሌላ ሲስተም አስነስቶ መጠገኛ) ከፈቱልኝ። ዲስኩን ማውንት አደረግኩ። ፕሮክ፣ ሲስና ዴቭ የሚባሉትን ፎልደሮች ወደ ውስጥ ባይንድ አድርጌ በ«ቺሩት» ወደ ራሱ ሲስተም ገባሁ። ከዚያ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ኤፒቲ -ኤፍ ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል»፣ መጨረሻ ላይ «አፕዴት-ግረብ»። ተነሳ። የድርጅቱ ሰዎች «እንደገና ጫኑት፣ ሌላ መፍትሔ የለውም» ያሉኝ ማሽን ሠራተኞች ቢሮ ሳይገቡ ሥራ ጀመረ።

4. አሁን ወደ አንተ። የምትችል ከሆነ ይህን ሰርቨር በቦታው አፕግሬድ አታድርገው። ጎን ለጎን አዲስ ማሽን ላይ 24.04 ጫንና ሥራውን አዛውር። ለአጭር ጊዜ ሁለት ማሽን መክፈል ለአለቃህ ብክነት ሊመስለው ይችላል። የእኔም እንደዚያ መስሎት እምቢ ስላለ ነው በቦታው ወደማድረግ የሄድኩት። አዲሱ ካልሠራ አሮጌው እዚያው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ከዚህ የተሻለ መመለሻ የለም።

ስታዛውር የሚረሳው ነገር ፕሮግራሙ አይደለም፤ በየጥጉ የተደበቀው ነው። «ኤፒቲ-ማርክ ሾውማንዋል» በእጅ የተጫኑትን ፓኬጆች ይዘረዝርልሃል። «ኤስኤስ -ቲኤልኤንፒ» የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት እንደሚያዳምጥ ያሳይሃል። ክሮንታብን (በሰዓታቸው የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር) ደግሞ የሩትን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ዩዘር እይ። እኔ ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ስር ለደንበኞች ደረሰኝ የሚልክ ስክሪፕት አግኝቻለሁ። ያን አካውንት ማንም አያስታውሰውም ነበር። ፋይሎቹን በ«አርሲንክ -ኤኤችኤኤክስ» ቅዳ፤ ባለቤትነትና ፈቃድ እንዳለ ይመጣል። የፈቃድ ችግር ሲገጥምህ ለሁሉም ሰው ሁሉን የሚፈቅደውን «ሲኤችሞድ -አር 777» የሚልህን ሰው አትስማ። የዲኤንኤስ ቲቲኤሉን (ሌሎች የድሮውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ከዝውውሩ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ዝቅ አድርገው።

አለቃህ በፍጹም እምቢ ካለ በቦታው ይሠራል፣ አትፍራ። «ኢቲሲ» ስር፣ «ኤፒቲ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሶርስስ.ሊስት» ቅጂ ያዝ። ከዚያ ዋናውን የአርካይቭም የሴኩሪቲም አድራሻ በ«ኦልድ-ሪሊስስ» ተካ። «ኤፒቲ አፕዴት»፣ «ኤፒቲ ፉል-አፕግሬድ»፣ ሪቡት። «ኤፒቲ ኦቶሪሙቭ» በልና የድሮ ከርነሎችን አስወግድ፤ «ቡት» የሚባለው ክፍል ጠባብ ከሆነ መሀል ላይ ሞልቶ ያቆምሃል። ከዚያ ወደ 24.04 የሚያሻግርህን «ዱ-ሪሊስ-አፕግሬድ» በል።

ይህ ፕሮግራም ኤስኤስኤች ላይ መሆንህን ሲያይ ፖርት 1022 ላይ ሁለተኛ መግቢያ ይከፍትልሃል። ፋየርዎሉን ግን አይከፍትልህም። ቀድመህ «ዩኤፍደብሊው አላው 1022/ቲሲፒ» በል፤ ስትጨርስ ዝጋው። ኮንፊገሬሽን ፋይል ላይ «የድሮውን ልያዝ ወይስ አዲሱን ልጫን» ብሎ ሲጠይቅህ መጀመሪያ ልዩነቱን አሳየኝ በለው። የኤስኤስኤቹን ያንተን ያዝ። ያልተቀበልከው አዲሱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ጭራ ይዞ ጎኑ ይቀመጣል፣ ነገ ተረጋግተህ ታነጻጽራለህ።

5. ከደረስክ በኋላ። በጣም አስፈላጊው ይህ ነው። «ኢቲሲ» ስር «አፕዴት-ማናጀር» ፎልደር አለ፤ ውስጡ «ሪሊስ-አፕግሬድስ» የሚል ፋይል ታገኛለህ። «ፕሮምፕት» የሚለው መስመር «ኖርማል» ከሆነ «ኤልቲኤስ» አድርገው። ይህን ካልቀየርክ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መሀሉ ሪሊስ ይወስድህና ተመልሰህ እዚያው ማጥ ውስጥ ነህ።

የሚሰበረውን ደግሞ ከአሁኑ እወቀው። 23.10 ላይ ፒኤችፒ 8.2 ነበር፤ 24.04 ላይ 8.3 ነው። ፓይተን ከ3.11 ወደ 3.12 ይሄዳል፤ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቶችህን (ለየፕሮጀክቱ የተለዩትን የፓይተን ማደሪያዎች) እንደገና ትሠራቸዋለህ። ከፓይተን 3.12 የወጣውን ዲስትዩቲልስን የሚጠራ የድሮ ኮድ ካለህም ይቆማል። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀም ከሆነ ከ15 ወደ 16 ነው። ዳታህ በራሱ አይሻገርም። አሮጌው እንደነበረ ይቀራል፣ አዲሱ ባዶውን በሌላ ፖርት፣ አብዛኛውን ጊዜ 5433 ላይ ይከፈታል። «ዳታዬ ጠፋ» ብለህ እንዳትደነግጥ። «ፒጂ_አፕግሬድክላስተር» ያሻግርልሃል፤ አዲሱን ባዶ ክላስተር (የዳታቤዝ ስብስብ) ግን ቀድመህ ማስወገድ አለብህ።

የኤስኤስኤች ፖርት ቀይረህ ከሆነም አንድ ነገር አስታውስ። 24.04 ላይ ፖርቱን የሚከፍተው ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው የሲስተምዲ ሶኬት ነው። ኮንፊጉን ቀይረህ ኤስኤስኤች ሰርቪሱን ብቻ ሪስታርት ብታደርገው አይበቃም። መጀመሪያ «ኤስኤስኤችዲ -ቲ» ብለህ ፋይሉ ስህተት እንደሌለው አረጋግጥ። ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ»፣ ቀጥሎ የኤስኤስኤች ሶኬቱን ሪስታርት። ይህን ስታደርግ ያለህበትን ተርሚናል አትዝጋ፤ በሌላ መስኮት መግባትህን ካየህ በኋላ ትዘጋዋለህ።

አንዱ ወንድማችን ከላይ «ኡቡንቱን ትተህ ሴንትኦኤስ ግባ» ብሎሃል። ሌላው የሊነክስ ዓይነት ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ሲባል ቆይቶ፣ ዲሴምበር 2020 ላይ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ተነገረ። ብዙ ሰው እሱን ወደሚተኩት አልማሊነክስና ሮኪ ሊነክስ ተሰደደ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ዴቢያንም ጥሩ ነው፤ ለሰርቨር እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። አሁን ያለህበት ጭንቀት ላይ ግን ዲስትሪቢዩሽን መቀየር አትጨምርበት። የምታውቀው ላይ ቆይ፣ 24.04 ድረስ።

ከመጀመርህ በፊት የ«ዲኤፍ -ኤች»፣ የ«ኤልኤስቢኤልኬ» እና እንዳይሻሻሉ የተያዙ ፓኬጆችን የሚዘረዝረውን የ«ኤፒቲ-ማርክ ሾውሆልድ» ውጤት እዚህ ለጥፍልን፤ አይፒውንና የሰርቨሩን ስም አጥፍተህ። የያዘህ ነገር ካለ አብረን እናየዋለን። ኮንሶሉን ግን ዛሬውኑ ጠይቃቸው፤ እነዚህ ሰዎች መልስ ለመስጠት ጊዜ ይወስዳሉ።