ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ኤን 83.2» የሚለው ኮድ ካንሰር ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ሲሆን የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በአልትራሳውንድ በቀኝ ኦቫሪዬ (እንቁላል በምታፈራዋ አካሌ) ላይ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውኃ የቋጠረ ሲስት ተገኘብኝ። ለባለቤቴ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ በተሞላው ቅጽ ላይ «ኤን 83.2» ተብሎ ተጽፏል። በስልኬ ስፈልግ ግን «ዲ 27» እና «ሲ 56» የሚሉም አየሁና ደነገጥኩ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሲስት ሲወጣላት ሂሳቧ ላይ 58662 የሚል ቁጥር ነበር። ኢንሹራንሱ ኦፕሬሽኑን እንዲከፍልልኝ የትኛው ኮድ ቢጻፍልኝ ይሻላል? እስከዚያው ሲስቱን እንዲያቀልጥልኝ የወሊድ መከላከያ እንክብል ገዝቼ እየወሰድኩ ነው። አንዳንዴ በቀኝ ጎኔ ድንገት ቆርጦ ይይዘኝና ያስመልሰኛል፤ የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ ስወጋ ይተወኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁት ስለ ኮድ ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት «ካንሰር ይሆን?» የሚለው ሐሳብ እንደሆነ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃል። የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ የሚገኝ፣ ግድግዳው ስስ የሆነና ከውኃ በቀር በውስጡ ምንም የሌለው ሲስት ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ እንቁላል የምታሳድገው ከረጢት በጊዜዋ ሳትፈነዳ ቀርታ ውኃ ስትቋጥር የሚፈጠር በመሆኑ፣ በሁለት ወይም በሦስት የወር አበባ ዑደት ውስጥ ያለ ኦፕሬሽን ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ በኩል ልብዎ ይረፍ።

«ኤን 83.2» በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ ክለሳ መሠረት «ሌላ ወይም ዓይነቱ ያልተለየ የኦቫሪ ሲስት» ማለት ሲሆን፣ መርማሪው ያየውን ያህል ብቻ የጻፈበት ሐቀኛ ኮድ ነው። «ዲ 27» ካንሰር ያልሆነ የኦቫሪ ዕጢን ያመለክታል፤ ከካንሰሮች ጋር በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ስለተመደበ ብቻ በስልክ የሚፈልገውን ሰው ሁሉ ያስደነግጣል። ካንሰር የሆነው «ሲ 56» ነው፤ እሱን ደግሞ በእርስዎ ወረቀት ላይ ማንም አልጻፈውም።

የእህትዎ 58662 የበሽታ ስም አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለሕክምና ሥራዎች ከሰጣቸው ቁጥሮች አንዱ ሲሆን፣ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ፣ በኦቫሪ ወይም በዳሌ ውስጥ የተገኘን እባጭ ቆርጦ ማውጣትን ወይም ማቃጠልን ያመለክታል። ሆድ ተከፍቶ ሲስቱ ብቻ ቢወጣ ኖሮ 58925 ይጻፍ ነበር። በዚያ አገር የበሽታው ኮድና የሥራው ቁጥር ካልተጣጣሙ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይላል፤ ኦቫሪው የቀኝ ይሁን የግራ እንኳ በኮዱ ውስጥ ይለያል። ከዚህ ሥርዓት ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር ቢኖር ኮድ ምርመራን ይከተላል እንጂ ክፍያን አይከተልም የሚለው ነው። «ጠንከር ያለ ይጻፍልኝ» ማለት ማጭበርበር ከመሆኑም በላይ፣ ነገ የሚያክምዎ ሐኪም በካርድዎ ላይ የሌለብዎትን በሽታ አንብቦ እንዲነሳ ያደርጋል።

እኔን ያሳሰበኝ ኮድ ግን እርስዎ ያልጠየቁኝ «ኤን 83.5» ነው፤ የኦቫሪ መጠምዘዝ ማለት ነው። በደብዳቤዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉትን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኦቫሪ ደም በሚያመጡለት ጅማቶች ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሲስት ሲከብድበት ውኃ የሞላ ባልዲ በገመዱ ላይ እንደሚሽከረከር ሊዞር ይችላል። በመጀመሪያ ደም የሚመልሱት ሥሮች ይታነቃሉ፤ ኦቫሪው ያብጣል፤ ቀጥሎ ደም የሚያስገባውም ይዘጋል። ሕመሙ ድንገት በአንድ ጎን ይጀምራል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተለዋል፤ ቤተሰብም ማስመለሱን አይቶ «ጨጓራዋ ነው» ይላል። አንዳንዴ ኦቫሪው ዞሮ ራሱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሕመምተኛዋ መርፌው ያዳናት ይመስላታል። እርስዎ የገለጹት ይህን ይመስላል። 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሲስት ለመጠምዘዝ የበለጠ ያጋልጣል፤ ከግራ ይልቅም ቀኙ ይበልጥ ይጠመዘዛል፤ የእርስዎ ሲስት ሁለቱንም ያሟላል። በቶሎ ከተደረሰበት ኦቫሪውን ፈትቶ ሲስቱን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ጠቁሮ የተገኘ እንኳ ብዙ ጊዜ ያገግማል። ሰዓታት ከባከኑ ግን ኦቫሪውን ማጣት ይመጣል። የደም ዝውውር የሚያሳየው አልትራሳውንድ «ደህና ነው» ቢል እንኳ መጠምዘዙን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ቁርጡ የሚታወቀው በኦፕሬሽን ነው።

ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ ስልዎ በቁጣ ጭምር ነው። የሚያስታግሰው ሕመሙን እንጂ መዞሩን አይደለም፤ እየተመላለሰ የሚነግርዎትን ምልክት አፉን ይዘጋብዎታል። ሆድ ማሳሸትም አይታሰብ። እንክብሉም ቢሆን አዲስ ሲስት እንዳይፈጠር ይረዳ ይሆናል እንጂ ያለውን አያቀልጥም፤ ይህ ወሬ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ስንት ዓመት እንደሚዞር እግዜር ይወቀው። የደም ግፊትዎ ሳይለካ፣ ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ይኑርብዎ አይኑርብዎ ሳይጠየቅ የተሸጠልዎት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ሕመሙ አሁንም ካለ ወይም እንደገና ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ሊያዞርዎት ስለሚችልም ብቻዎን አይውጡ። ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ስለሚችል በመንገድ ላይ ምግብም ውኃም አይውሰዱ። የወር አበባዎ ቢዘገይም ባይዘገይም የእርግዝና ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም እንዲሁ በአንድ ጎን ያማልና። አሁን ሕመም ከሌለብዎት ደግሞ በዚህ ሳምንት ውስጥ የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ሕመሙ ባይኖር ኖሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ አልትራሳውንዱን ይድገሙት ብዬ አሰናብትዎ ነበር፤ የሚያስመልስ ሕመም እየተመላለሰ ግን መጠበቅ አይገባም።

የኢንሹራንሱን ቅጽ በተመለከተ፣ የሚያይዎት ሐኪም የሲስቱን ጎን፣ መጠኑን፣ ሕመሙ የሚመላለስ መሆኑንና ማስመለሱን በጽሑፍ እንዲያሰፍርልዎት ያድርጉ፤ የአልትራሳውንዱን ወረቀትና ደረሰኞቹን ሲያስገቡም ኮፒያቸውን ለራስዎ ያስቀሩ።