ሦስት ሮቦት በአንድ አርዱይኖ፦ ለቱሉ ዲምቱዋ እህታችን

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ መስመር ተከታይ መኪና፣ ከእንቅፋት የሚሸሽ መኪናና አራት ሰርቮ (በታዘዘበት ማዕዘን የሚቆም ሞተር) ያለው ክንድ ጀምረሻል። ያለሽ አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ ተጭኖበት ሮቦቱን የሚያዝዝ ቦርድ)፣ አንድ ኤል298ኤን የሞተር መቆጣጠሪያና ሁለት 18650 የሊትየም ባትሪ ነው። አንዱን ለመሞከር ሌላውን ማፍረስ ሆነብሽ፣ ለቴሌግራም ግሩፑ የሚታይ ነገርም አልወጣም። «ሁለቱን ልተዋቸው ወይ?» ብለሻል።

አትተዪያቸው። መጀመሪያ ግን ቆጠራውን እናስተካክል፤ ያለሽ ሁለት ፕሮጀክት እንጂ ሦስት አይደለም። መስመር ተከታዩና እንቅፋት ሸሹ አንድ መኪና ናቸው፦ ሁለት ቢጫ ሞተር፣ አንድ መቆጣጠሪያ፣ አንድ ባትሪ። የሚለያዩት አፍንጫቸው ላይ፣ ማለትም ፊታቸው ላይ ባለው ሴንሰር ብቻ ነው። ስለዚህ አካሉን አንዴ ጨርሺና ዳግመኛ ካቻቢቴ አታስነኪው፤ የሚነቀለው አፍንጫው ብቻ ይሁን።

ከ3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 6 በ8 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጪ። ቁርጥራጩ አናጺ ቤት አይጠፋም፣ ካጣሽም የጀሪካን ጎን ይሆናል። ሁለቱን ደርበሽ አንድ ላይ ብሻቸው፤ ለየብቻ ከተበሱ ቀዳዳቸው አይገጥምም። በአንዱ ላይ አራቱን የመስመር ሴንሰሮች፣ በሌላው ላይ የርቀት ሴንሰሩን ኤችሲ-ኤስአር04ን እሰሪ። እያንዳንዱ በሁለት ባለ 3 ሚሊሜትር ቡሎን ከመኪናው ጋር ይያያዛል። የመስመሩ አፍንጫ ስድስት ሽቦ ይፈልጋል፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድና አራት ምልክት፤ ምልክቶቹ ከኤ0 እስከ ኤ3 ባሉት የቦርዱ ፒኖች (የሽቦ ቀዳዳዎች) ይገባሉ። የርቀት ሴንሰሩም በዚያው መሰኪያ ይገባል፤ አናሎግ ፒኖች እንደ ዲጂታል ስለሚሠሩ የሴንሰሩን ሁለት የምልክት እግሮች፣ ትሪግን ኤ0 ላይ፣ ኢኮን ኤ1 ላይ ማድረግ ይቻላል።

መሰኪያው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ተገልብጦ ከተሰካ 5 ቮልቱ ግራውንድ ላይ ያርፍና ሴንሰሩ ይቃጠላል። በባለ ስድስት ፈንታ ባለ ሰባት ቀዳዳ መሰኪያ ውሰጂ። ከዳር ሁለተኛውን ቀዳዳ በማስቲሽ ድፈኚው፣ ከወንዱ መሰኪያ ላይ ደግሞ በትክክል እዚያው የሚገባውን እግር በፒንሳ ቁረጪው። አሁን ቢገለበጥ እንቢ ይላል። መካከለኛውን፣ አራተኛውን እንዳትደፍኚ፤ ቢገለበጥም ቦታው ያው ስለሆነ ምንም አይከላከልም።

የፒን ድልድሉ ለሁሉም ሮቦቶችሽ አንድ ይሁን። 0 እና 1 ባዶ ይቀመጡ፣ ኮድ የሚጫነው በእነሱ ነው። የሞተር ፍጥነት 5 እና 6፣ የሞተር አቅጣጫ 4፣ 7፣ 8፣ 12፣ ሰርቮ 3፣ 9፣ 10፣ 11፣ አፍንጫው ከኤ0 እስከ ኤ3። ኤ4ና ኤ5 ወደፊት ለሚመጣ የአይስኩዌርሲ (በሁለት የምልክት ሽቦ የሚነጋገር) ሴንሰር ይቆዩ። ለሞተር ለምን 5 እና 6? የኡኖው የሰርቮ ላይብረሪ (ሰርቮ የሚያዝዘው ዝግጁ ኮድ) የፒን 9 እና 10ን ፍጥነት የሚመራውን የቺፑን ሰዓት ቆጣሪ፣ ታይመር 1ን ይወስዳል፤ ያኔ 9 እና 10 ላይ ፍጥነት መቆጣጠር አይቻልም። ሞተሩን 9 ላይ ያደረገ ሰው መኪናው ደህና ሲሄድ ቆይቶ፣ አንድ የሰርቮ መስመር ኮዱ ላይ ሲጨምር አንዱ ጎማ ፍጥነት አልታዘዝ ይለዋል። ከዚያ ሞተር ይቀይራል፣ ሽቦ ይቀይራል፣ ሲለፋ ያድራል። ጥፋቱ ግን የፒኑ ነው። ኤል298ኤኑ ላይ ኢኤንኤና ኢኤንቢ የሚባሉት ላይ የተሰኩትን ትንንሽ ጃምፐሮች ማውጣትም እንዳትረሺ፤ እነሱ እያሉ ሞተሩ ሁሌም በሙሉ ፍጥነት ነው።

ወደ ኃይሉ እንምጣ። ኤል298ኤን በመንገዱ ላይ ወደ 2 ቮልት ይበላል። ሁለቱ 18650 በተከታታይ ሲያያዙ ሙሉ ሆነው 8.4፣ በአብዛኛው ደግሞ 7.4 ቮልት ስለሚሰጡ ለሞተሩ 5 እና 6 ቮልት አካባቢ ይደርሰዋል፤ ለቢጫዎቹ ሞተሮች ልክ ነው። ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘኑን ባትሪ ለሞተር አትሞክሪው። ቴስተር ላይ 9 ያሳያል፣ ሞተር ሲጎትተው ግን ቮልቱ ይወድቅና ቦርዱ እየጠፋ ይነሳል። ቻርጅ ስታደርጊ ቲፒ4056 የሚባለው የቻርጅ ሰሌዳ ለአንድ ባትሪ ብቻ መሆኑን አትዘንጊ፤ የተያያዙትን ጥንድ በእሱ ቻርጅ አታድርጊ፣ አንድ በአንድ አውጥተሽ ቻርጅ አድርጊያቸው። ጥንዱ 6.4 ቮልት ሲደርስ አቁሚ፤ አንዱ ባትሪ ከ3.0 በታች ከወረደ ይጎዳል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ከሆነ ሞልተሽ ሳምንት አሳድሪው፤ ከ4.2 ተነስቶ ከ4.0 በታች ካገኘሽው ለመኪና አይሆንም። እናንተ ሰፈር መብራት ሲመላለስ መጀመሪያ የሚሰካው ባትሪ ይሁን፣ ላፕቶፑ ይደርሳል።

ክንዱ ከጠረጴዛ አይነሳም፤ ታዲያ ባትሪ ምን ያደርግለታል? 5 ቮልት 3 አምፔር ቻርጀር ይበቃዋል። ሰርቮዎቹን ግን ከአርዱይኖው 5 ቮልት ፒን አትመግቢያቸው። አንድ ኤስጂ90 (ትንሽ ሰርቮ) እንዳይዞር ሲያዝ ከግማሽ አምፔር በላይ ይጎትታል፤ አራቱ አንድ ላይ ሲነሱ ቦርዱ ራሱን እንደገና ያስጀምራል። ምልክቱ ክንዱ ነቃ ብሎ ወደ መነሻው መመለሱና ያንኑ መደጋገሙ ነው። ከቻርጀሩ ቀጥታ ለሰርቮዎቹ ስጪ፣ ግራውንዱን ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋር አገናኚ፣ ሰርቮዎቹ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጊ፣ ኮዱ ላይ ደግሞ አራቱን በ300 ሚሊሰከንድ ልዩነት አስነሺ። ግራውንዱ ካልተገናኘ ሰርቮ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ የሚጋጭብሽ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ቦርዱ። አንድ አርዱይኖ ናኖ ግዢና ክንዱ ላይ ቋሚ አድርጊው። ቺፑ ያው አትሜጋ328ፒ ስለሆነ የጻፍሽው ኮድ ሳይነካ ይሠራል። ቅጂ ናኖ ኮድ አልጫን ካለ አይዲኢው (ኮድ የምትጽፊበት ፕሮግራም) ላይ የድሮውን ቡትሎደር (ቺፑ ላይ ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ምረጪ፣ ካልሆነም ላፕቶፕሽ ላይ የሲኤች340 (የናኖው የዩኤስቢ ቺፕ) ድራይቨር ጫኚ። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀንሽን ስለሚበላው ዝርዝርሽን ጽፈሽ ሂጂ፤ ኤችሲ-ኤስአር04 ሁለት ያዢ። ለጎማ፣ ለቡሎንና ለቆርቆሮ ምናለሽ ተራን ሳታይ አዲስ አትግዢ።

አሠራር ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንዱ እጅ ላይ፣ ሌላው ካርቶን ውስጥ ይሁን። ችግር ላይ እያለ ግን አትቀያይሪ። መስመር ተከታዩ ዚግዛግ ሲል ሰልችቶሽ ወደ ክንዱ ከሄድሽ፣ ስትመለሺ የቱ ጋ እንደነበርሽ አታስታውሺም። የጫማ ካርቶኑ ክዳን ውስጥ ሦስት መስመር ጻፊ፦ የመጨረሻው ኮድ ቁጥር፣ በስንት ቮልት እንደተሞከረ፣ ስትመለሺ የምትነኪው የመጀመሪያ ነገር። ኮዱን በቀን አትሰይሚው፤ ካርቶኑ ላይ «ሐምሌ 12» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ከሁለት ወር በኋላ የቱ የቀደመ እንደሆነ ይጠፋሻል። መኪና-07፣ መኪና-08 በቂ ነው። ቮልቱን ጻፊ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በ8.3 ቮልት ያስተካከልሽው ኬፒ (መኪናው ወደ መስመሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚወስነው የኮዱ ቁጥር) በ7.0 ቮልት መኪናውን ሰነፍ ያደርገዋል፣ ሳታውቂ ኮዱን ታበላሺዋለሽ።

ግሩፑ ላይ ስታቀርቢ እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ አንድ ክፍል በሠራ ቁጥር ለጥፊ። ኮዱን ግን በፋይል ላኪው፤ መልእክት ውስጥ ከተለጠፈ ቴሌግራም ድርብ ኮከብና ድርብ የስር መስመር ሲያገኝ ጽሑፉን አድምቆና አዝምሞ ምልክቶቹን ይውጣቸዋል፣ የቀዳው ሰው ኮድ ስህተት ያወጣል። የሽቦውን ፎቶም በፋይል፣ በቀጥታ ከላይ የተነሳ። ከጎን የተነሳ ፎቶ ላይ ቀይ ሽቦ 5 ይግባ 6 ማንም አይለይም። ቪዲዮ 20 ሰከንድ ይበቃል፣ መኪናው መሬት ላይ ሆኖ። በእጅ ተይዞ የሚሽከረከር ጎማ ምንም አያሳይም፤ ክብደት ሲያርፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው።

በአካል ለማሳየት የኮንዶሚኒየሙን የጋራ ቤት ካሰብሽ ከመስኮት ርቀሽ ዘርጊ። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ስላለው የመስመር ሴንሰሩን ያሳውረዋል፤ በዙሪያው የጥቁር ወረቀት ቀሚስ አልብሺው፣ ከወለሉ ከ3 እስከ 10 ሚሊሜትር ይራቅ። መስመሩ ጥቁር ናስትሮ ነው፣ ግን ግራጫ ሲሚንቶ ላይ ልዩነቱ ጠባብ ስለሚሆን ነጭ ወረቀት ከስሩ አንጥፊ። ኮዱም ሲጀምር 5 ሰከንድ መኪናውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የእያንዳንዱን ሴንሰር ትልቁንና ትንሹን ንባብ ይያዝ፤ ቤት የለካሽው ቁጥር እዚያ አይሠራም። አቧራ ጎማውን ስለሚያንሸራትተው እርጥብ ጨርቅ ያዢ፣ ልጆች መኪናውን ሳያነሱት በፊት ማብሪያና ማጥፊያው ከላይ መሆኑን አረጋግጪ።

ለጊዜው አፍንጫውን ሥሪና የፒን ድልድልሽን ከባትሪው ቮልት ጋር እዚሁ ስር ለጥፊው። ክንዱን ናኖው ሲመጣ እናየዋለን።